ኦስካር ስንገምት የምንሳሳተው ለምንድነው? የሁለተኛ ምርጫ ጉዳይ

[ምስል፦ ቀይ ኤንቨሎፕ ሲከፈት]

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ ቤተሰብ? የ2017ቱ ኦስካር ሌሊት ስንቶቻችሁ ነቅታችሁ ነበር? ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳይምታታባችሁ። እኔ ነቅቼ ነበር። የምርጥ ፊልምን አሸናፊ ሊያበስር የወጣው ተዋናይ ዋረን ቢቲ ኤንቨሎፑን ከፈተ፣ ካርዱን አየ፣ ከዛ ሌላ ወረቀት ይኖር ይሆን ብሎ ውስጡን እንደገና ፈለገ፣ ግራ ሲገባው አብራው ለወጣችው ተዋናይት ለፌይ ደናዌይ አሳያት፣ እሷም «ላ ላ ላንድ» ብላ ጠራች። በቃ፣ ቡድኑ መድረክ ላይ ወጣ፣ ምስጋናው ተጀመረ፣ እኔም ግምቴ ልክ ሆነ ብዬ ልተኛ ነው። ወዲያው ከኋላ መሯሯጥ ተጀመረ። ከፊልሙ ፕሮዲውሰሮች አንዱ ጆርዳን ሆሮዊትዝ ማይኩ ጋር ቀርቦ ስህተት ተፈጥሯል፣ ያሸነፈው «ሙንላይት» ነው አለና ትክክለኛውን ካርድ ከፍ አርጎ ለካሜራው አሳየ። እነ ዋረን ቢቲ እጅ ላይ የነበረው የምርጥ ተዋናይት ካርድ ሁለተኛ ቅጂ ነበር፣ ኤማ ስቶን በ«ላ ላ ላንድ» ያሸነፈችበት።

ሰው ሁሉ እስከዛሬ የሚያወራው ስለ ኤንቨሎፑ ነው። ኤንቨሎፑማ የሰው ስህተት ነው፣ ያጋጥማል። እኔን ዓመታት ሙሉ ያብሰለሰለኝ ሌላ ነገር ነው፤ 14 እጩነት ይዞ የገባ፣ ጎልደን ግሎብ ላይ ሰባት ሽልማት ጠራርጎ የወሰደ፣ የፕሮዲውሰሮቹንም የዳይሬክተሮቹንም ማህበር ሽልማት ያገኘ ፊልም እንዴት ተሸነፈ? በዛው ሌሊት እኮ ዴሚየን ሻዜል በ«ላ ላ ላንድ» ምርጥ ዳይሬክተር ተብሏል። ፊልሙ 6 ኦስካር ወስዷል፣ «ሙንላይት» 3። ግን ትልቁ የ«ሙንላይት» ሆነ።

መልሱ ያለው ቆጠራው ውስጥ ነው፣ እና ይሄን ካላወቅን በየዓመቱ ቴሌግራም ላይ ስንጨቃጨቅ ማደራችን አይቀርም።

[ምስል፦ ባዶ የምርጫ ወረቀት፣ ከ1 እስከ 10 ቁጥር የተጻፈበት]

እሺ፣ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ድምፅ ሰጪዎች አሉት። ተዋናዮች፣ ዳይሬክተሮች፣ ኤዲተሮች፣ የድምፅ ባለሙያዎች፣ የልብስ ዲዛይነሮች፣ ምናምን። እነዚህ ሰዎች በመጨረሻው ዙር ለምርጥ ተዋናይ ድምፅ ሲሰጡ አንድ ስም ይመርጣሉ፣ ብዙ ድምፅ ያገኘ ወሰደ፣ አለቀ። ምርጥ ፊልም ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ፊልም አይመርጡም፣ ሁሉንም በደረጃ ነው የሚያስቀምጡት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ እስከታች። ይሄ አሰራር ከ2010 ሥነ ሥርዓት ጀምሮ ነው የመጣው፣ እጩዎቹ ከ5 ወደ 10 ከፍ ያሉ ጊዜ።

አሁን ይሄን በቁጥር ከማስረዳችሁ በምግብ ላስረዳችሁ፣ እኛ ጓደኛሞቹ ራሳችን የገባን እንደዛ ነው። አስራ አንድ ነን። አንድ ቀን ምሳ ልንበላ ተቀምጠን፣ ለሁላችንም የሚሆን አንድ ነገር በትልቅ ትሪ እንዘዝ ተባለ፣ ክትፎ፣ ጥብስ ወይ ሽሮ። ክርክሩ ሲያልቅ አምስቱ ክትፎ፣ አራቱ ጥብስ፣ ሁለቱ ሽሮ። በተለመደው አቆጣጠር ክትፎ አሸነፈ አይደል? ግን አምስት ከአስራ አንድ ግማሽ አይሞላም። ስድስት ያስፈልጋል። ስለዚ አንደኛው ልጅ የናፕኪን ወረቀት አውጥቶ ኑ በኦስካር ሕግ እንቁጠረው አለ። ትንሽ ድምፅ ያገኘው ሽሮ ይወጣል። ሽሮ ያሉት ሁለቱ ልጆች ግን ድምፃቸው አይሞትም፣ ሁለተኛ ምን ብለሃል ተብለው ይጠየቃሉ። ሁለቱም ለብለብ ክትፎ አይበሉም፣ ሁለተኛ ያሉት ጥብስ ነው። ጥብስ ስድስት ሆነ፣ ክትፎ እዛው አምስት ላይ ቀረ። ጥብስ በላን።

ልብ በሉ፣ ክትፎ ያሉት አምስቱ ልጆች ክትፎን በጣም ነው የሚወዱት። ችግሩ ሌላው ሰው ክትፎን የት አስቀመጠው የሚለው ነው። ኦስካር ላይ ደሞ እጩዎቹ አሥር ስለሆኑ ይሄ ማውጣትና ማሸጋገር አንዱ ፊልም ከግማሽ በላይ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ሊደጋገም ይችላል።

ስለዚ በምርጥ ፊልም ግምት ላይ መጠየቅ ያለብን ጥያቄ «የትኛው ይበልጣል?» አይደለም። «ይሄን ፊልም አንደኛ ያላለው ሰው ስንተኛ አስቀመጠው?» ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ላይ የሚደጋገም ፊልም አደገኛ ነው። አንዳንዱ ሰው አንደኛ፣ ሌላው ደሞ ዘጠነኛ የሚያደርገው ፊልም ግን ጉልበቱ መጀመሪያው ዙር ላይ ያልቃል። አካዳሚው የድምፅ ቁጥሩን ይፋ አያደርግም፣ ግን የ2017ቱን ሳስበው እኔ የሚታየኝ ይሄ ነው። ስለ «ላ ላ ላንድ» ያኔ የነበረውን ጭቅጭቅ አስታውሱ፣ የሚወደው ይሞትለታል፣ የማይወደው ይጋነናል ይል ነበር። «ሙንላይት»ን መጥፎ ነው ያለኝ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።

[ምስል፦ ቁጥሮች በትልቁ፤ 14፣ 12፣ 13፣ 3]

እዚህ ላይ አንድ ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፣ እሱም የእጩነት ብዛት ነው። ብዙ እጩነት ያለው ያሸንፋል የሚል። 2022 ላይ «ዘ ፓወር ኦፍ ዘ ዶግ» 12 እጩነት ይዞ ገብቶ አንድ ብቻ ወሰደ፣ ዳይሬክተሯን ጄን ካምፒዮንን። ምርጥ ፊልም የሆነው «ኮዳ» ነው፣ መስማት የተሳናቸው ቤተሰቦች ያሏትን ልጅ ታሪክ የሚያሳየው፣ ስንት እጩነት ነበረው? ሦስት። ሦስቱንም ወሰደ! 2025 ላይ ደሞ «ኤሚሊያ ፔሬዝ» 13 ይዞ ገብቶ 2 ይዞ ወጣ። እጩነት የሚመጣው በዘርፍ ነው፣ ኤዲተሮች ኤዲተሮችን ያጫሉ፣ ተዋናዮች ተዋናዮችን። ስለዚ ብዙ እጩነት ማለት ብዙ ባለሙያ ሥራውን አከበረው ማለት ነው። ማክበርና መውደድ ግን ይለያያል፣ ሁለተኛ ምርጫ ላይ የሚጻፈው የተወደደው ነው።

ታዲያ ምልክቱን ከየት እናግኝ? ጎልደን ግሎብን ለጨዋታው እዩት፣ ደስ ይላል፣ ግን እዛ የሚመርጡት ጋዜጠኞች ናቸው፣ ኦስካር ላይ ድምፅ የላቸውም። እኔ ከሁሉም በላይ የማየው የፕሮዲውሰሮችን ማህበር ሽልማት ነው። ለምን? የአካዳሚ አባል የሆኑ ሰዎች ውስጡ አሉ፣ ደሞ ዋናው ነገር የሚቆጥሩት ልክ እንደ ኦስካር በደረጃ ነው። ከ2018 እስከ 2025 ያሉትን ስምንት ዓመቶች ብትወስዱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ከኦስካር ጋር የተለያየው፣ 2020 ላይ «1917» የሚባለውን ፊልም መርጦ፣ ኦስካር «ፓራሳይት» ሲል። እሱም ቢሆን ፍንጭ ነበረው። «ፓራሳይት» የተዋናዮች ማህበርን የቡድን ሽልማት ወስዶ ነበር፣ በሰብታይትል የሚታይ የኮሪያ ፊልም አሜሪካ ውስጥ በተዋናዮች እንዲህ ሲወደድ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አልነበረም። እኛ ግን አለፍነው፣ ምክንያቱም ከዛ በፊት እንግሊዝኛ ያልሆነ ፊልም ምርጥ ፊልም ሆኖ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ተዋናዮቹ እንምጣ፣ ጭቅጭቁ የሚከርረው እዛ ነው።

[ምስል፦ የቀን መቁጠሪያ፣ ከጃንዋሪ እስከ ማርች 2025]

2025ን ልንገራችሁ። ገና ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ዴሚ ሙር በ«ዘ ሰብስታንስ» ጎልደን ግሎብ ወሰደች። መድረክ ላይ ወጥታ ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ ፕሮዲውሰር የፖፕኮርን ተዋናይ፣ ማለትም ለመዝናኛ ፊልም እንጂ ለሽልማት የማትሆን ናት ብሎ እንዳሳነሳት፣ እሷም ያንን አምና እንደተቀበለች ተናገረች። እኔ በዛች ደቂቃ ግምቴን ጨረስኩ። ቀጥሎ የሃያስያኑን ወሰደች፣ የተዋናዮች ማህበርንም ወሰደች። ግሩፓችን ውስጥ ከአስራ አንዳችን ዘጠኛችን ዴሚ አልን። መሀል ላይ፣ ፌብሩዋሪ 16፣ የእንግሊዞቹ የፊልም ሽልማት ባፍታ ለሚኪ ማዲሰን ሰጠ፣ ለ«አኖራ»። አንዲት ልጅ ብቻ ባፍታን እዩት፣ ባፍታን እዩት ስትል ከረመች፣ ማንም አልሰማትም።

ሥነ ሥርዓቱ ማርች 2 ነበር፣ እዚህ አድዋን ያከበርንበት ዕለት ሌሊት፣ በኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀመረ። ሊነጋጋ ሲል የሚኪ ማዲሰን ስም ተጠራ። ዕድሜዋ 25። «አኖራ» 5 ወሰደ፣ ሾን ቤከር ብቻውን በአንድ ፊልም አራት ኦስካር ይዞ ወጣ።

እኔ አዝኛለሁ፣ እውነቱን ለመናገር አሁንም ዴሚ ይገባት ነበር እላለሁ። ግን ይገባታል ማለትና ታሸንፋለች ማለት ሁለት የተለያየ ዓረፍተ ነገር ነው። እና የባፍታ ነገር ያን ዓመት ብቻ አይደለም። 2021 ላይ ተዋናዩ ቻድዊክ ቦዝማን ካረፈ በኋላ ሁሉም ሰው ለእሱ ነው ሲል፣ እንደውም የዝግጅቱ የመጨረሻ ሽልማት የሱ ዘርፍ፣ ምርጥ ተዋናይ፣ እንዲሆን ተደርጎ ሳለ፣ አንቶኒ ሆፕኪንስ አሸነፈ፣ አዳራሹ ውስጥ እንኳን አልነበረም፣ ዌልስ ነበር። ባፍታ የሰጠው ለሆፕኪንስ ነበር። 2024 ላይ የተዋናዮች ማህበር ሊሊ ግላድስተን አለ፣ ባፍታ ኤማ ስቶን፣ ኦስካር ኤማ ስቶን። ይሄን ሰምታችሁ ደሞ ባፍታን እንደ ወንጌል እንዳትይዙት፣ 2023 ላይ ባፍታ ኬት ብላንሼትና ኦስቲን በትለር ሲል ኦስካር ከተዋናዮች ማህበር ጋር ሄዶ ሚሼል ዮንና ብሬንደን ፍሬዘርን መርጧል። ግን አካዳሚው ከ2016 ወዲህ፣ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሃያውም የትወና እጩዎች ነጮች ሆነው ቁጣ ከተነሳ በኋላ ማለት ነው፣ በሩን ከፍቶ ከአሜሪካ ውጭ ብዙ አባል አስገብቷል። ሆሊውድ ውስጥ የሚወራው ወሬ ብቻውን እንደድሮው አይበቃም።

እና አንድ ነገር ልጨምር፣ የትወና ዘርፍ ላይ ደረጃ የለም ብያችኋለሁ። አምስት እጩ ካለ ድምፁ ከተበታተነ በንድፈ ሀሳብ ከአምስት አንዱን ትንሽ አለፍ ያለ ሰው ማሸነፍ ይችላል። ስለዚ እዛ የሚያሸንፈው ጠንካራ ወዳጅ ያለው ነው፣ ሌላው ቢጠላውም አይጎዳውም። ምርጥ ፊልም ላይ ደሞ የተገላቢጦሽ። አንድ ሌሊት ላይ ሁለት ዓይነት ጨዋታ ነው የሚካሄደው፣ እኛ ግን ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ጭንቅላት ነው የምንገምተው።

[ምስል፦ ሁለት ዓምድ ያለው ወረቀት]

ከ2025 በኋላ ግሩፓችን ወረቀቱን ለሁለት ከፈለው። በግራ «የልቤ»፣ በቀኝ «የግምቴ»። የልብህን ማንም አይከራከርህም፣ የፈለከውን ጻፍ። የግምት ዓምድ ላይ ግን ምክንያት ታመጣለህ፣ ማን ሁለተኛ እንደሚያደርገው፣ የትኛው ማህበር እንደሰጠው። ከዛ ወዲህ ጭቅጭቁ ራሱ ጣፋጭ ሆነ፣ ሰው ፊልሞቹን ማየት ጀመረ እኮ።

ማየት ስል፣ አካዳሚውም ራሱ በ2025 አዲስ ሕግ አውጥቷል። ከ2026 ሥነ ሥርዓት ጀምሮ አንድ አባል በአንድ ዘርፍ የመጨረሻ ድምፅ ለመስጠት በዛ ዘርፍ የታጩትን ፊልሞች በሙሉ ማየት አለበት። እስከዛ ድረስ ሳያዩ መምረጥ ይቻል ነበር ማለት ነው! ይሄ ሕግ ማንን ይጠቅማል ብላችሁ ስታስቡ ትንንሽ ፊልሞችን አስቡ፣ አንድ እጩነት ብቻ ያላቸውን፣ ማስታወቂያ የሌላቸውን፣ ድምፅ ሰጪው ነገ አየዋለሁ እያለ ቀኑ የሚያልፍባቸውን።

እኔ ይሄን ሕግ ስሰማ ቶሎ ትዝ ያለችኝ ሩት ኔጋ ናት። አዲስ አበባ የተወለደች፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ አየርላንዳዊት። በዛው በ2017 ለምርጥ ተዋናይት ታጭታ ነበር፣ «ላቪንግ» ላይ፣ ነጭ በማግባቷ ከቨርጂንያ የተባረረችውን ሚልድረድ ላቪንግን ሆና። ፊልሙ ከዛ እጩነት ውጭ ሌላ አንድም አልነበረውም። ጮኻ የምታለቅስበት፣ ለማስታወቂያ ተቆርጦ የሚወጣ ትእይንት የለውም፣ ባሏን ስታየው፣ ዝቅ ብላ ስትሰማ፣ ከዓይኗ ነው ሁሉን ነገር የምታነቡት። እንዲህ ያለው ትወና ካልታየ በወሬ አይሸጥም። የማህበራቱንም ምልክት ብትሉ ሁሉም ወደ ኤማ ስቶን ነበር የሚያመለክቱት፣ የተዋናዮቹም የባፍታም።

የዛን ዓመት ወረቀቴ አሁንም አለ፣ ደብተር ውስጥ ታጥፎ። ያኔ ሁለት ዓምድ አልነበረንም። ምርጥ ፊልም የሚለው ፊት ለፊት «ላ ላ ላንድ» ይላል፣ ምርጥ ተዋናይት የሚለው ፊት ለፊት ደሞ በቀይ እስክሪብቶ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፣ ሩት ኔጋ።