መኪናዬን ንፋልኝ

እንደምን ሰነበታችሁ? ድምፄ ዛሬ ጠበብ ካለ ክፍል የሚመጣ ከመሰላችሁ አልተሳሳታችሁም፤ መኪና ውስጥ ነኝ። ደብረ ማርቆስ፣ ግቢያችን ውስጥ። ከአጥራችን ጀርባ ወፍጮ ቤት አለ፤ ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። ከዚች መኪና በር በቀር ያንን ጩኸት የሚመክት ነገር አላገኘሁም። የቅንጦት መኪና ተብላ ተገዝታ፣ አንድም ቀን ሳታሳፍረኝ የምትሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ በሯ ሲዘጋ ዝም ታሰኛለች።

ሬንጅ ሮቨር ናት። እ.ኤ.አ. የ1999 ስሪት፣ ፒ38 የሚሏት፤ አራት ሊትር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ያውም ቤንዚን። እኛ አገር «ቪ ኤይት» ካላችሁ ሰው የሚታየው የባለሥልጣን ላንድክሩዘር ነው። የገዛኋት ሰሞን አንድ የሰፈሬ ሰው «ሹመት መጣ እንዴ?» ብሎኛል። ሹመት ቢሆንማ ቤንዚኑን መንግሥት ይችልልኝ ነበር።

ሞተሩ የራሱ ታሪክ አለው። ጥንቱ የአሜሪካኖቹ ቢዊክ ነው፤ ሮቨር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መብቱን ገዝቶ እንግሊዝ አገር ወሰደው። አሉሚኒየም ስለሆነ ቀላል ነው፣ ግን ሙቀት አይችልም። ማርቆስ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ግድም ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የባቄላ ንፍሮ እዚህ ለምን ልብ እንደሚያደርቅ ከዚህ ተረዱ። ራዲያተሩ ቶሎ እንዳይፈላ የሚጠብቀው የክዳኑ ጫና ነው። ክዳኗ ከላላች አለቀልህ፤ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ይጣመማል። እኔ መንገዱን ከማየው ይልቅ የሙቀቱን ጌጅ የማየው ይበዛል።

ዛሬ ግን የማወራው ስለ እግሯ ነው።

ይቺ መኪና ባሌስትራ የላትም፣ ሞላ የላትም። አራቱም ጎማ ጋ ያለው የላስቲክ ከረጢት ነው፣ ውስጡ አየር ብቻ። ኮፈኑ ስር ትንሽዬ ኮምፕሬሰር አለች፤ አየሩን ወደ አንድ ታንክ እስከ 10 ባር ትሞላለች። ጎማችሁ ውስጥ ያለው ሁለት ባር ከምናምን መሆኑን አስቡ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ እግር እንደ አስፈላጊነቱ ያካፍላል። ድንጋይ ሲበዛ ከፍ፣ በፍጥነት ስትሄዱ ዝቅ። ለመሳፈሪያ ደግሞ አንድ ቁልፍ አለ፤ ስትጫኑት ስድስት ሴንቲ ተኩል ያህል ዝቅ ትላለች።

እማዬ ጉልበቷን ያማታል። እሑድ ጠዋት ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስወስዳት ያንን ቁልፍ እጫናለሁ፤ መኪናዋ «ሽሽሽ» ብላ ትንበረከካለች፤ እማዬም እንደ እመቤት ትገባለች። የመጀመሪያ ቀን «ይቺስ ጨዋ ናት» አለችኝ።

ጨዋነቷ ግን ልክ አጣ። ማታ ቆማ ያደረችው ጠዋት መሬት ይዛ ትገኛለች። እማዬ በረንዳ ላይ ሆና «ዛሬም ሰግዳለች? ጾም የለ፣ ፍስክ የለ!» ትላለች።

የሚገርማችሁ፣ የምታፈሰው አንድ እግር ብቻ ነበር። የኋላው ግራ። ታዲያ ለምን አራቱም ይወርዳሉ? ኮምፒውተሩ ሞተር ጠፍቶም ቢሆን በየጥቂት ሰዓቱ ይነቃል። አንዱ ዝቅ ብሎ ካገኘው፣ ኮምፕሬሰሯ ያለ ሞተር ስለማትሠራ ሊያነሣው አይችልም፤ የሚችለው ሌሎቹን ከሱ እኩል ማውረድ ነው። ለቅሶ ቤት ነው እኮ! አንዱ መሬት ከተቀመጠ ማን ወንበር ላይ ይቀመጣል?

እኔ ጋሼ የምላቸው መካኒክ አሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን አይሱዙና ላንድሮቨር ሲፈቱ የኖሩ። ኦሞ በውሃ በጠበጡ፣ በብሩሽ ቱቦውን ሁሉ ቀቡ፤ አረፋው የት እንደሚነሣ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ከረጢቱ ጫፉ ላይ ተሰነጣጥቋል፤ ቫልቮቹ ያሉበት ሳጥን ውስጥ ያሉት ኦሪንጎችም ደርቀዋል። ከምስር ፍሬ ብዙ የማይበልጡ የላስቲክ ቀለበቶች ናቸው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄጄ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩ። የላንድክሩዘር ነገር ጠይቁ፣ ዓይነቱን አስመርጠው ይሰጧችኋል። የኔን ስጠራ ግን ሰው የታመመበትን እንደሚጠይቁ «አይዞህ» ይሉኝ ነበር። በመጨረሻ ከውጭ በዘመድ ሻንጣ መጣልኝ።

ጋሼ ቀየሩት። አረፋ የለም፣ ሁሉም ደህና ነው። ሞተሩን አስነሣን፣ እሷ ግን ከመሬት አትነሣም! ኮምፒውተሩ የድሮውን ጥፋት መዝግቦ ይዟል፤ ካልተሰረዘለት ወይ ፍንክች። ኃጢአቱ ቀርቷል፣ ኑዛዜው ተነግሯል፣ «ይፍታህ» የሚል ቄስ ግን የለም። ከተማው ውስጥ ያለው የምርመራ ማሽን የቶዮታን ቋንቋ እንጂ የሷን አይችልም። ኋላ ላይ የዚህ መኪና ወዳጆች ራሳቸው የጻፉት ሶፍትዌር እንዳለ ደረስኩበት፤ አንድ ገመድና አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ከዚያ ወዲህ የነፍስ አባቷ እኔው ነኝ።

ጋሼ ግን ጉዳዩን አልወደዱትም። «ስማ ልጄ፣ መኪና በብረት ይቆማል። በትንፋሽ የሚቆም ሰው ነው። አራት ሞላ አስመጣና ግማሽ ቀን ስጠኝ።» ለጊዜው እንቢ ስላቸው፣ በየቱቦው ላይ እንደ ጎማ ያለ የመንፊያ አፍ ገጠሙልኝ። «ሜዳ ላይ ስትቀር ታመሰግነኛለህ» አሉ።

ሜዳ ላይ አልቀረሁም፣ ዓባይ ላይ ነው የቀረሁት። ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ መንገዱ እንደ ልብ በሚኬድበት ጊዜ። ጎሐ ጽዮንን አልፌ ቁልቁለቱን ወረድኩ፤ ጃፓኖች ያሠሩትን ድልድይ እንደተሻገርኩ ዳሽቦርዱ ጮኸ፣ መኪናዋም ላስቲኩ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ እስከ ደጀን ያለውን ዳገት ታውቁታላችሁ፤ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ እንደ ነጠላ ጥለት ተጣጥፏል። እያንዳንዷ እጥፋት አከርካሪዬን አንኳኳች። ሲኖትራክ አለፈኝ። ዝንጀሮዎቹ እንኳ ከመንገድ ለመነሣት አልቸኮሉም።

ደጀን ጎሚስታ ጋ ቆምኩ። ልጁ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አደረገና «ጋሼ፣ ሙሉ ናቸው እኮ» አለ።

«ጎማውን አይደለም። መኪናዋን ነው የምትነፋልኝ።»

አረቄ ቀምሼ እንደሆነ ፊቴን አየ። ኮፈኑን ከፍቼ የመንፊያውን አፍ አሳየሁት። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባላል፤ የኔዋን ደግሞ የደጀን ነፋስ እያፏጨባት አየር ጠማት። ልጁ ሰካ። መጀመሪያ ፊቷ ተነሣ፣ ቀጥሎ ኋላዋ፣ እንደ ላም ሳይሆን እንደ ፈረስ እየተንገዳገደች። ሕፃናት «ተነሣች! ተነሣች!» አሉ። በቆሎ የሚጠብሱ አንዲት እናት አማተቡ። ልጁ የአራት ጎማ ሒሳብ ተቀበለኝ፤ ትክክል ነው፣ አልተከራከርኩም።

ሞላዎቹ እንግዲህ መጥተዋል። አራቱም በካርቶናቸው አልጋዬ ስር ናቸው። መንገዱ እስኪረጋጋ፣ ጋሼ እስኪመቻቸው፣ ክረምቱ እስኪወጣ እያልኩ አለሁ። ለሰው የምነግረው ምክንያት እማዬ ናት፤ ሞላ ከገባላት አትንበረከክም፣ እማዬም አትወጣም እላለሁ። ውሸት ነው። ለእማዬ አንድ በርጩማ ይበቃታል፤ ራሷም ነግራኛለች። እውነቱ ምን መሰላችሁ፣ ጠዋት ሞተር አስነሥቼ ወርጄ ፊት ለፊቷ እቆማለሁ። ቡናዬን እንደያዝኩ። ትንሽ ታቃስታለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ከመሬት ትነሣለች። አንዳንድ ቀን አትነሣም። በተነሣች ቀን ግን ወፍጮውም አይሰማኝም። ቤንዚንና መለዋወጫ ደምሬ፣ ለዚች ለአንድ ደቂቃ የምከፍለውን ባሰላው ባለቤቴ ከቤት ታስወጣኛለች፤ ስለዚህ አላሰላም።

የሚቀጥለው ሳምንት ስለ... ቆይ።

ሰማችሁት? «ሽሽሽ» ያለው። የኋላው ግራ ነው።

አሁን ሦስቱ ይከተላሉ። ጠብቁ።