ስትከሱ ጡንቻችሁም አብሮ እንዳይሄድ

[ምስል፦ ጅማ፣ መርካቶ። አስፋልት ዳር የሰው ሚዛን አስቀምጦ የተቀመጠ ልጅ። አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ ትወጣለች።]

ተራኪ፦ ስድስት ኪሎ ቀንሳለች እንበል። ጓደኞቿ «ሸንቀጥ አልሽ» ይሏታል፣ እሷም ደስ ብሏታል። ሰሞኑን ግን ዘንቢሏን ይዛ ከገበያ ስትመለስ ክንዷ ቶሎ ይዝላል። ቡና ስታፈላ ቆይታ ከበርጩማ ለመነሳትም ጉልበቷን በእጇ መደገፍ ጀምራለች።

ሚዛን የሚያውቀው ድምሩን ብቻ ነው። ከስድስቱ ኪሎ ስንቱ ቦርጭ፣ ስንቱ ውኃ፣ ስንቱ ጡንቻ እንደነበር አይለይም።

[አኒሜሽን፦ ጉበት፣ የጭን ጡንቻ፣ የሆድ ስብ።]

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኪሎ ቶሎ የሚወርደው በአብዛኛው ውኃ ስለሚወጣ ነው። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የተጠራቀመ ስኳር አለ፤ እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ስኳሩ ሲያልቅ ውኃውም ይከተለዋል። ቀጥሎ የስቡ ተራ ነው፤ ስቡ ግን ብቻውን አይሄድም። ጡንቻችን በየቀኑ ይፈርሳል፣ በየቀኑ ይገነባል። ምግብ፣ በተለይ ፕሮቲን ሲያንስ ግንባታው ይቀዘቅዛል፣ መፍረሱ ግን ይቀጥላል።

ስፖርት ሳይሠራ በምግብ ብቻ የሚከሳ ሰው ከሚቀንሰው ኪሎ በግምት ሩቡ ስብ አይደለም። ሁሉም ጡንቻ ነው ማለት አይደለም፣ ውኃም አለበት፤ ጡንቻ ግን አለበት። እንደ ሴማግሉታይድ ያሉት የማክሻ መርፌዎችም ከዚህ ነጻ አይደሉም።

[ምስል፦ ጂም ቤት፣ ወጣቶች ብረት ሲያነሱ።]

ጂም ቤት «ጡንቻ ከቀነሰ ሰውነት ካሎሪ ማቃጠል ያቆማል» ሲባል ትሰማላችሁ። የተጋነነ ነው። አንድ ኪሎ ጡንቻ በዕረፍት ላይ ሆኖ በቀን የሚያቃጥለው 13 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ማኪያቷችሁ ላይ የምትጨምሩት አንዲት የሻይ ማንኪያ ስኳር ትበልጠዋለች።

ዋናው ጉዳት ሌላ ቦታ ነው። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የገባውን ስኳር፣ ኢንሱሊን በር ሲከፍትለት፣ በብዛት የሚቀበለው ጡንቻ ነው። ጡንቻ ሲመነምን ያ ስኳር ማረፊያ ያጣል። በዕድሜ ለገፉ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ከ30 ዓመት በኋላ ጡንቻ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ በራሱ ይቀንሳል፤ በዚያ ላይ በችኮላ የከሱ እናት ወይም አባት ደረጃ ላይ ሲሰናከሉ ራሳቸውን የሚያቆሙበት አቅም ያጣሉ። አጥንትም ከኪሎው ጋር ስለሚሳሳ መውደቁ ወደ ስብራት ሊያመራ ይችላል። ኪሎው ተመልሶ ሲመጣም ብዙውን ጊዜ ጡንቻውን ሳይሆን ስቡን ይዞ ይመጣል። በየሠርጉ ሰሞን እየከሱ መልሶ መወፈር የማልወደው ለዚህ ነው።

[ምስል፦ ወንበር፣ የሰዓት ቆጣሪ።]

ቤት ውስጥ ሞክሩት። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምራችሁ ከወንበር አምስት ጊዜ ተነሱ፣ ተቀመጡ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀባችሁ የጡንቻ አቅም መዳከም ምልክት ሊሆን ይችላል። በጅማ በርጩማ ግን አትሞክሩት፣ በጣም ዝቅ ስለሚል ጤነኛውንም ይጥለዋል።

[ምስል፦ ወደ ጅሬን የሚወስደው ዳገት፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት።]

ጠዋት ጠዋት ጅሬን የምትወጡ፣ በርቱ፤ ለልብም ለእግርም ጥሩ ነው። ክንድና ጀርባ ግን ከዳገት ብዙ አያገኙም። የዓለም ጤና ድርጅት ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ይመክራል። ፑሽአፕ፣ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ማንሳት ይበቃል፤ የጂም ክፍያ አያስፈልግም። ቀላል ሲሆንባችሁ ክብደቱን ጨምሩ።

ወደ ማዕዱ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው ልክስ ሲል ወጡን ትቶ ሰላጣ ብቻ ይበላል። ልክ አይደለም። የሚከሳ ሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ቢያገኝ ይመከራል፤ ለ70 ኪሎ ሰው ከ84 እስከ 112 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ገደማ አለው። ስለዚህ ቅነሳው ከዘይቱ፣ ከዳቦው፣ ከለስላሳው ይጀምር፤ ክኩ፣ ምስሩ፣ አይቡ ይቆይ። በጾም ባቄላና ሽምብራ አሉ። በረመዳን ደግሞ ሱሁርን በሻይና በዳቦ ብቻ አትለፉት፣ እንቁላል ወይም ፉል ጨምሩበት። አከሳሱም በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ቢሆን ይሻላል።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ፕሮቲን አይጨምር። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የምትወስዱም ኪሎ ስትቀንሱ የመድኃኒቱ መጠን መስተካከል ሊኖርበት ስለሚችል ለሐኪማችሁ ቀድማችሁ ንገሩት። ሳያስቡት፣ ምግብ ሳይቀንሱ የሚከሱ ሰዎች ደግሞ ይህን ቪዲዮ ትተው ይመርመሩ፤ ስኳር፣ ቲቢ ወይም የእንቅርት ዕጢ ችግር ሊሆን ይችላል።