ነጭ ዓሣና የፓስፊክ ወለል

ጤና ይስጥልኝ። ጣና በጣም ጥልቅ በሆነበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ የማወራው ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሚጠልቀው የፓስፊክ ወለል ነው። «ምን አገናኛቸው?» ካላችሁ፣ ነጭ ዓሣ።

ባሕር ዳር ገበያ ላይ ቆሮሶና አምባዛ በየስማቸው ይሸጣሉ። ነጭ ዓሣ ግን የአንድ ዓሣ ስም አይደለም፤ ላቢዮባርበስ ለሚባለው ወገን በጅምላ የተሰጠ ነው። ሳይንሱም ቢሆን ከጅምላው ቶሎ አልወጣም። አፍና ጭንቅላት እየተለካ 15 ያህል ዝርያ የተለየው በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ነው። መረቡ ቀድሟል፤ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ የገቡት በ1986 ነው። ከዝርያዎቹ ግማሽ ያህሉ ክረምት ላይ ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ ከመውጣታቸው በፊትም ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረብ እዚያ ሲጣል የሚይዘው ዕንቁላሏን ያልጣለችውን ነው። ከ1991 እስከ 2001 ድረስ ወንዝ የሚወጡት በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሱ። ቅርጫቱ ግን ይህን አይናገርም። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይሞላዋል፣ ስሙም ያው ነጭ ዓሣ ነው።

አሁን ስም ያልወጣለት ፍጥረት ወደሚበዛበት ወደ ፓስፊክ። በሃዋይና በሜክሲኮ መካከል ክላሪዮን ክሊፐርተን የሚባል ወለል አለ። ድንች የሚያህሉ ጥቁር እንክብሎች ተበትነውበታል፤ ማንጋኒዝ፣ ኒኬል፣ መዳብና ኮባልት አላቸው። በሚሊዮን ዓመት የሚያድጉት ጥቂት ሚሊሜትር ነው። በ2023 የወጣ ጥናት ከዚህ ወለል ከ5,000 በላይ ዝርያ ቆጥሮ፣ ከመቶው 90 ያህሉ ስም እንዳልወጣለት አሳየ።

ስም ማውጣት የሚዘገየው የእጅ ሥራ ስለሆነ ነው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ሣጥን በገመድ ወርዶ ጭቃውን ይቆርጣል፤ ምልልሱ ብቻ ሰዓታት ይፈጃል። ታች ውሃው ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ነው፣ መርከቡ ላይ ሐሩር። ስለዚህ ጭቃው በቀዘቀዘ የባሕር ውሃ፣ 0.3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት፣ በዝግታ ይታጠባል። ከቸኮሉ ትሉ ይበጣጠሳል፤ ጭንቅላቱ የጠፋ ትልን ለይቶ ስም መስጠት ደግሞ ጭንቅ ነው። ናሙና እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፎርማሊን ቅርጹን ይጠብቃል፣ ዲኤንኤውን ግን ያበላሻል፤ ለዲኤንኤ 96 በመቶ ቀዝቃዛ አልኮል ያስፈልጋል። ከዚያ ማይክሮስኮፕ፣ ሥዕል፣ ንጽጽር፣ ሙዚየም የሚቀመጥ ናሙና፣ የታተመ ገለጻ። ትል ሲለይ ለሚውል ሰው ደመወዝ የሚከፍል ብዙ አለመኖሩን ሳንረሳ።

ማዕድን አውጪው ማሽን ይህን ሁሉ አይጠብቅም። እንክብሉን ሲለቅም ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ያህል የላይ ጭቃ አብሮ ያነሳል፤ ሕይወቱ በብዛት ያለው እዚያው ላይ ነው። ስፖንጅ የሚባሉት አንዳንድ የባሕር እንስሳት ደግሞ እንክብሉ ላይ ተተክለው ነው የሚኖሩት፤ ለስላሳ ጭቃ መሃል ሌላ የሚይዙት ጠንካራ ነገር የላቸውም። የተነሳው ደለል ተንሳፍፎ ያልተነካው ወለል ላይ ያርፋል፣ ውሃ አጣርተው የሚበሉትን ያፍናል። በ1989 ፔሩ አቅራቢያ ወለሉ ለሙከራ ታርሶ ነበር። ከ26 ዓመት በኋላ ሲታይ ትልሙ አልጠፋም።

የማዕድን ፈቃዱን የሚመራው ጃማይካ፣ ኪንግስተን ያለው ዓለም አቀፉ የባሕር ወለል ባለሥልጣን ነው። ጠያቂው ምን እንደሚያጠፋ አስቀድሞ ማስረዳት አለበት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው፤ ከዚያ ወለል ብዙው ዝርያ የታየው አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ ናሙና ነው። ያ ትል ሌላ ቦታም ይኑር አይኑር የሚታወቀው ሌላ ሣጥን ሲወርድ ነው።