እንቅልፍሽ እንዴት ነው?

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የውሻ ጩኸት ከሰማችሁ የጎረቤት ነው፤ ለምኜም አልሆነልኝም።

ባለፈው ጥር እህቴን ለትዳር ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። ሁለት ቀን ሲቀራቸው እናቴ የጋሼን ልብስ በፌስታል ቋጠረች፣ ክኒኑን ቆጥራ ጨመረችበትና ደብረ ብርሃን አክስታችን ጋ ላከችው። «አየር ይቀይር» ተባለ። ሁላችንም ገብቶናል። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሰፈር ውስጥ ቀስ ተብሎ ይጠየቃላ! በዘራቸው የሚጥል በሽታ አለ? ያበደ ሰው አለ? ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ስኪዞፍሬኒያ የሚባል የአእምሮ ሕመም አለበት። አማኑኤል እየተመላለሰ መድኃኒት መውሰድ ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል።

እውነቱን ልናገርና ጠያቂዎቹ ላይ መናደድ አቃተኝ። ያንን ጥያቄ እኔም ሌሊት ሌሊት ራሴን ስጠይቅ ነው የኖርኩት። እና ማንበብ ጀመርኩ።

አዎ፣ ዘር አለበት። ይህ ሕመም በሕይወት ዘመኑ የሚያገኘው ከመቶ ሰው አንዱን ገደማ ነው፤ እናት ወይም አባት ካለበት ግን ከአሥር ልጅ ወደ አንዱ ይጠጋል። ዘጠኙስ? ዘጠኙን ማንም አይቆጥርም። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮችን ውሰዱ፤ ዘራቸው አንድ ነው፣ ግን አንዱ ሲታመም ሌላውም የሚታመመው ቢበዛ ግማሽ ያህሉ ነው። ደግሞ «የእብደት ጂን» የሚባል አንድ ነገር የለም። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 108 ቦታዎችን ዘረ መላችን ላይ አገኘ፤ የአብዛኞቹ ድርሻ ኢምንት ነው። ከነሱ ጥቂቱን እኔም ተሸክሜአለሁ። ሽማግሌዎቹም ጭምር!

የቀረውን ኑሮ ይሞላዋል። ጆሴፍ ዙቢንና ቦኒ ስፕሪንግ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1977 እ.ኤ.አ. የጻፉት ይህንኑ ነው፦ ተጋላጭነት ሁላችንም ጋ አለ፣ መጠኑ ይለያያል፤ የሚደርስብን ጫና ከዚያ ልክ ሲያልፍ ሕመሙ ይነሳል። ጫናው ከመወለድም ሊቀድም ይችላል። በ1944 እና 45 እ.ኤ.አ. ክረምት ሆላንድ በተራበች ጊዜ፣ ረሃቡ በጠናበት ወቅት የተፀነሱ ልጆች ሲያድጉ ስኪዞፍሬኒያ የያዛቸው ከሌላው በእጥፍ ገደማ ነበር።

ጋሼ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበር። አያቴ ባረፉ በሳምንቱ ፈተና ደረሰበት፣ እና ሌሊቱን ጫት እየቃመ ያነብ ጀመር። እናቴ እንደምትለው ሦስት ሌሊት ዓይኑን አልከደነም። በአራተኛው ቀን ሬዲዮኑን በጋቢ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተተው። ስሜን እየጠራ ነው አለ። እናቴም ያው አባት ነው የሞተባት፣ ያው ደም ነው ያላት። እሷን አልነካትም። ለምን እሱን? የትኛው ምን ያህል እንደገፋው ለይቶ የሚነግረኝ ሐኪም እስካሁን አላገኘሁም።

ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ለንደን ውስጥ ጆርጅ ብራውን የሚባል ተመራማሪ ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው የተመለሱ ሕሙማንን ተከታትሎ ነበር። ነቀፋና ጥላቻ የበዛበት ቤት የገቡት ቶሎ ቶሎ አገረሸባቸው። ይህን ሳነብ ያ ፌስታል ነው ትዝ ያለኝ። እኛ ቤት ጋሼን የሚሰድብ የለም፤ እናቴ ክኒኑን አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም። እንግዳ ሲመጣ ግን ወደ ጓዳ ይገባል፣ ማንም ሳይነግረው፣ ብርጭቆውን ይዞ። ዘሩን እኛ አልሰጠነውም። ጓዳውንስ?

ሽማግሌዎቹን ስንሸኛቸው ደስ ብሏቸው ነበር። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ጋሼ ይጠራ አይጠራ የሚል ጭቅጭቅ ቤታችን ውስጥ ገና አልበረደም። እኔ ይጠራ ባይ ነኝ፣ እህቴ ታለቅሳለች። በሷም አልፈርድም።

ጋሼ በሳምንቱ ከደብረ ብርሃን ተመለሰ። ለምን እንደተላከ አልጠየቀም። ልክ እንደ ሁልጊዜው ማታ መኝታ ቤቴ በር ላይ ቆሞ፣ «እንቅልፍሽ እንዴት ነው?» አለኝ። ከኔ ሌላ ማንንም እንደዚህ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

«ደህና እተኛለሁ ጋሼ» አልኩት። ዋሸሁት፤ እሱም አውቋል መሰለኝ፣ መብራቱን አጥፍቶልኝ ሄደ።