ላብ ሳይወጣ መራመድ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ከጓደኞቼ ጋር በብርድ ወራት፣ በረዶ ላይ ስላደረግነው ረጅም የእግር ጉዞ ላጫውታችሁ ነው። ሁሉንም ሳይሆን የመጀመሪያዎቹን ቀናት ብቻ። እኔ እንደማምነው ነገሩ የሚለይለት እዚያው ላይ ነው።

ስለ ብርድ ጉዞ ሲወራ ሰው የሚፈራው ብርዱን ነው። እኔ አብልጬ የምፈራው ላብን ነው። ጠዋት ከድንኳን ሲወጣ ጥርስ ይንገጫገጫል። ያለውን ልብስ ሁሉ ደርቦ መንገድ መጀመር ያምራል። ትንሽ ሲኬድ ግን ሰውነት ይግላል፣ ጀርባ በላብ ይርሳል። ከዚያ ለዕረፍት ቆም ሲባል ያ ላብ ይቀዘቅዛል። ውሃ ከአየር ከ20 እጥፍ በላይ ሙቀት ያስተላልፋል፤ እርጥብ ልብስ የሰውነትን ሙቀት እየመጠጠ ያወጣዋል ማለት ነው። ጥጥ ከሆነማ ጭራሽ አይደርቅም። ሱፍ ይሻላል፣ ረጥቦም ቢሆን የተወሰነ ያሞቃል።

ስለዚህ ጠዋት የምንነሳው ትንሽ እየበረደን ነበር። ወፍራሙን ጃኬት አውልቀን ቦርሳው አናት ላይ እናደርገዋለን። ስንቆም ገና ሳይበርደን እንለብሰዋለን። ይሄ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ፍጥነት ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ትኩስ ጉልበት አለው፣ ሁሉም ወደፊት ይላል። በረዶው ጥልቅ ሲሆን ፊት ያለው እየሰበረ ይሄዳል፣ ከኋላ ያለነው እሱ የረገጠበትን ጉድጓድ እየረገጥን እንከተላለን። ፊት የነበረው ጓደኛችን ረጅም ነው። ከኋላ የነበረችው አጭር ናት። ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ለመድረስ በየእርምጃው ትዘል ነበር፣ ያውም ያን ሁሉ ሸክም ተሸክማ። ስናርፍ ኮፍያዋን ስታወልቅ ከፀጉሯ እንፋሎት ይወጣል። «እናንተ የምትራመዱት እኔ የምዘለውን ነው» አለችን፣ ሳትቆጣ። ከዚያ በኋላ ፊት የሚሆነው ሰው በየጊዜው ይቀያየራል፣ እርምጃው ግን በእሷ ልክ ሆነ። የሚገርመው ሁላችንም ላብ ቀነሰልን። ረጅሙም ጭምር።

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ረጅም ኪሎ ሜትር የሚያቅዱ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። እነዚያ ቀናት የጓደኛን እርምጃ፣ የጓደኛን ዝምታ መማሪያ ናቸው። በተለይ ዝምታውን። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አእምሮም ይደነዝዛል። ሰውየው ራሱን አያውቀውም። ቀድሞ የሚያየው ጓደኛው ነው፦ ይንቀጠቀጣል፣ ዚፕ መዝጋት ያቅተዋል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ ወይ ዝም ይላል። ስለዚህ በየዕረፍቱ እንጠያየቃለን። «ደህና ነኝ» የሚል መልስ አንቀበልም። ጓንትህን አውልቅ፣ አውራ ጣትህን ከትንሿ ጣትህ ጋር አገናኝ። ካልተገናኘ ድንኳን ይተከላል፣ ውሃ ይፈላል። ክርክር የለውም።

ማታ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ስሊፒንግ ባግ በሚባለው የመኝታ ከረጢት ውስጥ ሰው ብቻውን አይተኛም። የውሃ ማጣሪያው አብሮ ይገባል፤ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ከሆነ ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ይሰነጠቃሉ፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ስልክና ባትሪም ይገባሉ፣ ብርድ ቻርጅ ይበላል። የምድጃው ጋዝም እንዲሁ። ቡቴን የሚባለው ጋዝ ከ0 ዲግሪ በታች ወደ እንፋሎት መቀየር ስለሚያቅተው ጠዋት ምድጃው እምቢ ይላል። ውጭ የሚቀረውን የውሃ ጠርሙስ በአፉ ደፍተን እናስቀምጠዋለን። በረዶ ከላይ ነው የሚጀምረው፤ ስንገለብጠው አፉ ክፍት ሆኖ እናገኘዋለን።

ይሄን ሁሉ የምናደርገው ሳይመሽ ነው። በእነዚያ ወራት ቀኑ አጭር ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆመን ድንኳን እንተክላለን፣ ገና መሄድ የምንችል ቢሆንም። በጓንት ገመድ ማሰር በብርሃን እንኳ ቀላል አይደለም።

ስለ ድንኳን አተካከል በሚቀጥለው ክፍል በሰፊው እመጣበታለሁ፤ በረዶ ላይ ካስማ አይዝም፣ ሌላ ዘዴ አለው። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ።