ከጻፍኩት አይብስብኝም?

ሰላም ሰላም የቻናላችን ቤተሰቦች፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የምናወራው ቁጭ ብሎ ራስን ስለመጠየቅ ነው። በደብተርና በእስክሪብቶ። ደብተር አጠገባችሁ ከሌለ ሄዳችሁ አምጡት። የልጆች ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። እውነቴን ነው፣ አምጡት፣ እጠብቃለሁ።

መጣችሁ? እሺ።

እኛ አገር ሰላምታ አይጠፋም። ስልክ ስናነሳ ከልጆቹ እስከ ጎረቤቱ ድረስ "እንዴት ናቸው?" እንባባላለን። መልሱም ያው ነው፣ "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።" ራሳችንን ግን ማን ይጠይቅልን? የከበደን ነገር ሲመጣ "ሆድ ይፍጀው" ብለን እናልፋለን። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ ይላል። በማይረባ ነገር እንቆጣለን። ምን እንደነካን ብንጠየቅ ደግሞ "ምንም" ነው የምንለው። የሚገርመው፣ እውነታችንን ነው። አናውቀውም።

አሁን የምወዳት ምሳሌዬ መጣች። ምስር መልቀም።

ምስር ለቅማችሁ ታውቃላችሁ? ምስር ከረጢት ውስጥ እያለ ሁሉም ምስር ነው የሚመስለው። እጃችሁን ከታችሁ ብታማስሉት፣ ብታማስሉት፣ ቀኑን ሙሉ ብታማስሉት ጠጠሩን አታገኙትም። ስለዚህ እናቶቻችን ምን ያደርጋሉ? እፍኝ እፍኝ እያደረጉ ሰፌድ ላይ ያፈሱታል። ብርሃን ወዳለበት፣ በር አጠገብ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ያበጥሩታል፣ ገለባው ይሄዳል። ከዚያ በጣታቸው እየዘረጉ፣ ወደ አንድ ጎን እየገፉ ይለቅማሉ። ጠጠሩ ተንኮለኛ ነው፤ መጠኑም ቀለሙም ቁርጥ ምስር ነው። ቸኩሎ የለቀመ ሰው ወጡን ሲበላ ጥርሱ ይነግረዋል።

እና ልብ በሉ፣ ከረጢቱን በሙሉ አንድ ጊዜ የሚለቅም ሰው የለም። ለዛሬ ወጥ የሚበቃው ብቻ ነው የሚለቀመው። ወረቀቱ ሰፌድ ነው። ጭንቅላታችን ውስጥ ያለውን የዛሬዋን እፍኝ እናፈስበታለን። ስንዘረጋው ነው ጠጠሩ የሚታየው።

በተግባር እንየው። አንዲት እናት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እንዲህ ጻፈች እንበል።

"ማታ ልጄ ላይ ጮህኩ። ጫማውን በር ላይ ስለጣለ። ሁልጊዜ እኮ ነው የሚጥለው። ሌላ ቀን አንስቼ አልፋለሁ። ዛሬ ምን ሆንኩ? ጠዋት አከራያችን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራይ እጨምራለሁ አለችኝ። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። እንዳይጨነቅ ብዬ። ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ይዤው ዋልኩ።"

አያችሁ? ስትጀምር ነገሩ ጫማ ነበር። ስምንት ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ኪራይ ሆነ። ትንሽ ቆየት ብሎ ደግሞ ከኪራዩም በላይ የከበዳት ለባለቤቷ አለመንገሯ ሆኖ ተገኘ። ጠጠሩ ይኼ ነው። ነገ ጠዋት ምን ማድረግ እንዳለባት ማንም አይነግራትም። ልጇን እቅፍ ታደርገዋለች፣ ባለቤቷን ቁጭ አድርጋ ትነግረዋለች።

ሳይንሱን ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ፣ አብዛኞቻችሁ ካለፈው ቪዲዮ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ ጄምስ ፔኒቤከር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ተማሪዎችን በቀን ለ15 ደቂቃ፣ ለ4 ተከታታይ ቀናት አስጻፈ። ገሚሱ ስለ ተራ ነገር ጻፈ። ገሚሱ በሕይወቱ ስለደረሰበት ከባድ ነገር። የሆነውንም የተሰማውንም አንድ ላይ የጻፉት ተማሪዎች በቀጣዮቹ ወራት ወደ ክሊኒክ መመላለሳቸው ቀነሰ። በኋላ በተሠሩ ጥናቶች ደግሞ ይበልጥ የተጠቀሙት ከቀን ወደ ቀን "ምክንያቱም"፣ "አሁን ገባኝ" ዓይነት ቃላት እየበዙላቸው የሄዱት ናቸው። ጥቅሙ በአማካይ ሲታይ ትንሽ ነው፣ ተአምር አልሸጥላችሁም። ግን ደብተርና 15 ደቂቃ ማለት ምን ማለት ነው? ምንም ወጪ የለውም። ቀጥለናል።

አሁን ወደ እናንተ አስተያየት ልምጣ። ካለፈው ቪዲዮ ሥር ብዙ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ጽፏል። "የሚያስጨንቀኝን ነገር ከጻፍኩት ይብስብኛል። ቁስል መነካካት ነው። ልረሳው ነው የምፈልገው።" ይኼን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

በመጀመሪያ፣ ግማሹ እውነት ነው። ያኔ በ1986ቱ ጥናት ስለ ከባድ ነገር የጻፉት ተማሪዎች ጽፈው እንደጨረሱ ስሜታቸው ወርዶ ነበር። የደም ግፊታቸውም ከፍ ብሎ ነበር። እና ጽፋችሁ ስትነሱ ሆዳችሁ ባባ ማለት የሆነ ነገር ተበላሸ ማለት አይደለም። ቀለል የሚለው ቀስ ብሎ ነው።

ሌላው ግማሽ ግን ስህተት ነው። የሚያብሰው ማብሰልሰል ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጣሪያ እያያችሁ "ለምን እንዲህ አለኝ? ለምን እንዲህ አልኩት?" ስትሉ ጠጠሩን ፍለጋ ከረጢቱን ማማሰል ነው። ያው ሐሳብ ይዞራል፣ ያው ሐሳብ ይመለሳል። ስትጽፉ ግን አንዱ ዓረፍተ ነገር ካለቀ ቀጣዩ ሌላ ነገር ማለት አለበት። እጃችሁ ይሰለቸዋል። መጨረሻ ላይ ነጥብ አለው፣ ደብተሩ ይዘጋል።

እሺ፣ ደብተር ላይ የሚያብሰለስልስ የለም? አለ! ሦስት ቀን ያንኑ ሰውዬ በዚያው ቃል ስትረግሙ ካገኛችሁት፣ አጻጻፉን ቀይሩ። "እኔ" ማለቱን ተዉትና በስማችሁ ጻፉ። እከሌ ዛሬ ምን ገጠማት? ምን ፈርታ ነው? ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ኢታን ክሮስ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይኼንን አጥንተውታል። ሰው ስለ ራሱ በስሙ ሲያስብ ነገሩን ከራቅ ብሎ ያየዋል፣ ጭንቀቱም ይቀንሳል። እኔ ይኼን በጣም ነው የምወደው፤ ለጓደኛችን የምናዝነውን ያህል ለራሳችን ማዘን የምንጀምረው ያኔ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ትናንት የደረሰ ትልቅ ሐዘን፣ ጦርነት፣ ጥቃት ካለ ብቻችሁን ደብተር ይዛችሁ አትግቡበት። ስትጽፉ መቋቋም ካቃታችሁ አቁሙ። ቀናት አልፈውም ከከፋ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። የአእምሮ ሐኪም ጋ መሄድ ነውር የለውም።

"የንስሐ አባት አለኝ፣ ደብተር ምን ያደርግልኛል?" ያላችሁም አላችሁ። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ደብተር የማንንም ቦታ አይወስድም። እንዲያውም ዝም ብሎ ራስን መመርመር የቤታችን ነገር ነው። በፍልሰታ ሱባኤ የሚይዘው፣ ጠዋት የጽሞና ጊዜ ያለው፣ ሙስሊሙም ከመተኛቱ በፊት ነፍሱን የሚተሳሰበው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ምን እንደምትናዘዙ ለይታችሁ ስትሄዱ አባም ደስ ይላቸዋል።

ዝምታው ግን ከባድ ነው፣ እወቁት። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት አለ። ሰዎችን ለ15 ደቂቃ ያለ ስልክ ብቻቸውን አስቀመጧቸው። ከፈለጉ ራሳቸውን በኤሌክትሪክ መንዘር ይችላሉ። ከ18 ወንዶች 12ቱ ራሳቸውን ነዘሩ! ከሐሳባቸው ጋር መቀመጡ ያን ያህል ከበዳቸው። ስለዚህ በ3 ደቂቃ ጀምሩ። ስልኩን ሌላ ክፍል ተዉት። መጀመሪያ ዝም በሉ፣ ከዚያ "አሁን ምን ይሰማኛል?" ብላችሁ ጻፉ። ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩትን መቶ ጥያቄዎች እርሷቸው፣ አንዱ ይበቃል።

"ሰው ቢያነብብኝስ?" ለምትሉ፣ በተለይ ዓረብ አገር ክፍል ለምትጋሩ እህቶቻችን፦ ጽፋችሁ ቅደዱት። ጥቅሙ ስትጽፉ ነው ያለው፣ ማስቀመጥ ግዴታ አይደለም። ስልክ ላይ ጽፎ መቆለፍም ይቻላል።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏንም ንኳት። በሚቀጥለው ቪዲዮ ልጆችን ስሜታቸውን እንዴት እንደምናስጽፋቸው እናያለን። ለ4 ቀን ሞክሩትና ምን እንዳስቸገራችሁ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ፣ እያንዳንዱን አነባለሁ። ቸር እንሰንብት።