ቀለሙ ተቀየረ፤ ከዚያስ?

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ተማሪዎቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

ለሽኝቴ የተሰጠኝ ሰዓት አሥር ደቂቃ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ለቆመ ቴክኒሻን መቼም አይበዛም። ስለዚህ ምስጋናውን ቶሎ ልጨርሰው። ለካባውም ለሰዓቱም እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ወደ ጉዳዬ።

በነዚህ ዓመታት እንደ «ጋሼ፣ ቀለሙ ተቀየረ!» አብዝቼ የሰማሁት ነገር የለም።

ለእንግዶቻችን ላስረዳ። እዚህ ከቅጠልና ከብር ባክቴሪያ ይገድላል የምንለውን ናኖ፣ ማለትም እጅግ ደቃቅ የብር ቅንጣት እንሠራለን። ቅጠል ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በውሃ ይፈላል፣ ይጠለላል። ከዚያ ከሲልቨር ናይትሬት ጋር ይቀላቀላል። ይኼ የብር ጨው ነው። አንዴ ግዢው ለምን እንደሚያስፈልግ ሳስረዳ የፋይናንሱ ሰው «ብር ለመግዛት ብር?» ብሎ ስቆብኝ ሦስት ወር አቆይቶታል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሊትር 0.17 ግራም ገደማ። ውሃው ግን የተጣራ መሆን አለበት። በቧንቧ ውሃ የበጠበጠ ልጅ ነበር፤ ክሎራይዱ ብሩን ይዞት ብልቃጡ ወተት መሰለ። ልጁ ዛሬ ዶክተር ነው፣ እዚህም ተቀምጧል፣ ስሙን አልጠራም።

ቅጠሉ ውስጥ ያሉት እንደ ፖሊፌኖል ያሉ ነገሮች ለብሩ አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሮን ለጎደለው የብር አቶም፣ ኤሌክትሮን ይሰጡታል። ብሩ ወደ ብረትነቱ ይመለስና ጥቃቅን ቅንጣት ሆኖ ይሰበሰባል። ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር። አንድ ሚሊሜትር ውስጥ አንድ ሚሊዮን ናኖሜትር አለ፤ እናንተው አስቡት። ቀጭን ሻይ የመሰለው ፈሳሽ ቀስ እያለ ጠላ ይመስላል። ያኔ ነው «ጋሼ!» የሚመጣው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጎበዝ ተማሪ በጤና አዳም ሠራች። ቅጠሉን ያመጣችው ከእናቷ ጓሮ ነው። ባክቴሪያ የተዘራበት ሳህን ላይ ፈሳሹን ጠብ አድርጋ ኢንኩቤተር፣ ባክቴሪያ ማሳደጊያው የሙቀት ሳጥን፣ ውስጥ አስገባች። ሌሊት መብራት ሄደ። ሙቀቱ ከ37 ዲግሪ እንዳይወርድ ኢንኩቤተሩን በጋቢዬ ጠቀለልኩት። አትሳቁ፣ ሠርቷል! ጠዋት ስናየው ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ። ልጅቷ እልል አለች። እኔም ልከተላት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«ሲልቨር ናይትሬቱ ብቻውን የታለ?»

ዝም።

«ቅጠሉ ብቻውንስ?»

ዝም። ለዲፌንሷ፣ የመመረቂያ ጥናቷን ለምታቀርብበት ቀን፣ ደግሞ ሳምንት ብቻ ቀርቷታል።

ብር እኮ ድሮም ባክቴሪያ ይገድላል። ክሬዴ የሚባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1880ዎቹ አራስ ሕፃናት ዓይን ውስጥ የሚያንጠባጥበው ይህንኑ ሲልቨር ናይትሬት ነበር። ለቃጠሎ ቁስል የሚቀባው ሲልቨር ሰልፋዳያዚንም ብር አለበት። ታዲያ ክቡ የማን ነው? የናኖው? ሳይለወጥ የቀረው የብር ጨው? ወይስ የጤና አዳሙ?

ሦስት ሌሊት ደግመን ሠራን። የሲልቨር ናይትሬቱ ክብ ከናኖው ጋር እኩል ወጣ። ልጅቷ አለቀሰች። ይህ ናኖው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ቅንጣቱ አጋር በሚባለው፣ ሳህኑ ላይ ባክቴሪያው በሚበቅልበት ዝልግልግ ነገር ውስጥ እንደ አዮን አይንቀሳቀስም፤ አዮኑንም የሚለቀው ቀስ እያለ ነው። ለቁስል ፋሻ ይኼ ጥቅም ሊሆን ይችላል። ግን ካልተነጻጸረ በምን ይታወቃል?

አንድ መምህር ጠርቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጆርናሉ ያልጠየቀውን አንተ ለምን ትጠይቃለህ?»

ዛሬም አልበረደልኝም! ጆርናሉ አይታመምም። ቁስሉ አልድን ብሎ፣ አንቲባዮቲክ እምቢ ብሎት የሚተኛው ሰው ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደገደሉ ተገምቷል። በዚህ ላይ ነው በቀለም የምንጫወተው? ልጅቷ ግን ኮራሁባት። ውጤቱን እንዳለ አቀረበችው።

ዶክተር አክሊሉ ለማን አስታውሱ። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎቹ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት በ1989 ነው። ሃያ አምስት ዓመት! በመሃል ስንት ጊዜ የአፍሪካ ላብራቶሪ ውጤት አይታመንም ተብለዋል። የእሳቸው ዓይነት ሥራ እንዲህ ከተጠረጠረ፣ ኮንትሮል፣ ማለትም ማነጻጸሪያ፣ የሌለው የእኛ ሳህን ምን ሊባል ነው?

ሰዓቴ አለቀ መሰለኝ፤ የቀረውን ላሩጠው። ዳማከሴም ሆነ ግራዋ፣ ከገበያ ገዝታችሁ በሻጯ ቃል ብቻ አትጻፉ፤ ናሙናውን የደረቁ ዕፅዋት ተሰብስበው ለሚለዩበት ብሔራዊ ሄርባሪየም አሳዩ። የብሩን ፈሳሽ ትራፊ ሲንክ ውስጥ አትድፉ። በቅጠል ስለሠራነው እኛ «አረንጓዴ» ስላልነው ወንዝ ውስጥ ገብቶ ጻድቅ አይሆንም። ጓንት አድርጉ። ሲልቨር ናይትሬት ጣቴን አጥቁሮት ለቅሶ ቤት ስንቴ «ጋሼ፣ እጅዎን ይታጠቡ» ተብያለሁ መሰላችሁ!

የኢንኩቤተሩ በር በጉልበት ገፋ ካልተደረገ አይዘጋም። ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ በፎይል የተጠቀለለ ግማሽ ጠርሙስ ሲልቨር ናይትሬት አለ። ለኮንትሮል ብቻ ብዬ የደበቅኩት ነው። ቁልፉ ይኸው።